በረዶው ወደ ላይ ሲሸሽ፦ የአልፕስ መንደሮችና የተገዛው ጊዜ

በዲሴምበር 2022፣ የፈረንጆቹ ገና ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በስዊዘርላንድ ቫሌ ክልል ወደምትገኝ አንዲት የተራራ መንደር ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ እስከ ፋሲካ የሚዘልቅ የወቅት ሥራ አግኝቼ ነበር። አውቶቡሱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ በመስኮት የማየው ሁሉ አረንጓዴ ነው። በወሩ መጀመሪያ የጣለውን በረዶ ዝናብ አጥቦት ሄዷል። ከሆቴሉ ጀርባ ያለው ተዳፋት ሣሩ ረጥቦ ይታያል፤ ላም ቢለቁበት ትግጥ ነበር። በመሃሉ ብቻ፣ ሜዳ ላይ እንደተሰጣ ነጠላ፣ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዷል። የበረዶ ሸርተቴ (ስኪ) መንሸራተቻው እሱ ነው። እንግዶቹ ያን ሁሉ ፍራንክ ከፍለው የመጡት በዚያች ነጠላ ላይ ሊወርዱ ነው።

በማግስቱ የሠራተኞች ኃላፊዋ ጠራችን። ብዙ እንግዶች ስለሰረዙ ከአሥራ ሁለታችን አራቱ ብቻ እንዲጀምሩ፣ የቀረነው በረዶ እስኪጥል እንድንጠብቅ ነገረችን። እስከ መቼ ብለን ስንጠይቃት በመስኮቱ ወደ ሰማይ ተመለከተች። ለጠበቅንባቸው ቀናት ክፍያ አልነበረም። አጠገቤ የቆመው ፖርቱጋላዊ ለ19 ዓመት በየብርዱ ወራት እየተመላለሰ የሠራ ሰው ነው። «እኔ ስጀምር ችግራችን በረዶውን ጠርጎ በር መክፈት ነበር» አለኝ።

የዚያ ሰሞን ነገር የአንዲት መንደር ዕጣ ብቻ አልነበረም። ጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ደለሞን በምትባል የሰሜን ምዕራብ ስዊዘርላንድ ከተማ የአየሩ ሙቀት ከ20 ዲግሪ አለፈ፤ ከአልፕስ ተራሮች በስተሰሜን በጃንዋሪ ወር እንዲህ ያለ ሙቀት ከዚያ በፊት አልተመዘገበም። ከሳምንት በኋላ በስዊዘርላንዷ አዴልቦደን የተካሄደውን የበረዶ ሸርተቴ የዓለም ዋንጫ ውድድር በቴሌቪዥን ያየ ሰው አይረሳውም፤ የዓለም ምርጥ ተወዳዳሪዎች ግራና ቀኙ ሣር በሆነ አንድ ነጭ ጎዳና ላይ ነበር የሚምዘገዘጉት።

አልፕስ ላይ በረዶ እየቀነሰ መሆኑን በተራራዎቹ የሚኖር ሰው አይክድም። ገንዘብ ያለው ሪዞርትም በማሽን በረዶ እየሠራ፣ ኩሬ እየቆፈረ፣ ወደ ከፍታ እየወጣ ጥቂት ዓመታት እየገዛ ነው። እኔን ከዚያች የዲሴምበር ጠዋት ጀምሮ የሚያስጨንቀኝ ግን ይህ የተገዛ ጊዜ የማን እንደሆነና ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ነገሩን ለማስረዳት ከራሳችን ቋንቋ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። እኛ አገርን የምንከፍለው በከፍታ ነው፤ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። ገበሬው ጤፉ የት እንደሚያበቃና ገብሱ የት እንደሚጀምር ከአባቱ ተምሯል፤ ወባ ድሮ ወደማትደርስበት ከፍታ ስትወጣም አይቷል። አልፕስ ላይ እየሆነ ያለው ይኸው ነው። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዝናቡ ወደ በረዶ የሚለወጥበት መስመር በግምት 150 ሜትር ወደ ላይ ይወጣል። የአልፕስ አካባቢ ደግሞ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ከ2 ዲግሪ በላይ ሞቋል፤ ከዓለም አማካይ በእጥፍ ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ በአያቶቻቸው ዘመን በረዶ የሚቆይባት መንደር ዛሬ ዝናብ ይዘንብባታል፤ በእኛ አነጋገር፣ ደጋ የነበረው ወይና ደጋ ሆኗል።

ከፍታዎቹን ከእኛ ከተሞች ጋር ማስተያየቱ ይረዳል። በአውሮፓ ከፍተኛው የበረዶ ሸርተቴ መንደር የሚባለው የፈረንሳዩ ቫል ቶራንስ 2,300 ሜትር ላይ ነው፤ አዲስ አበባ የተቀመጠችበት ከፍታ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ በረዶ የማይቆየው ከምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ብቻ ነው። ዝነኛው የኦስትሪያ ኪትስቢውል ግን ከተማው 760 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከድሬዳዋ እንኳ ያንሳል። እዚያ የሚካሄደው አስፈሪው የሽትራይፍ ቁልቁለት ውድድር መነሻው 1,665 ሜትር ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ተነሥቶ 860 ሜትር ይወርዳል። መጨረሻው ላይ አንድ ሙሉ ቆላ አለ ማለት ይቻላል። በሙቀት ዘመን አደጋው የተጋረጠው እንዲህ ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ላይ ነው።

ጥናቶቹም ይህንኑ ይናገራሉ። ከ1971 እስከ 2019 ባለው ጊዜ፣ ከ2,000 ሜትር በታች ባሉት የአልፕስ ክፍሎች በረዶ መሬት ላይ የሚቆይባቸው ቀናት ከ22 እስከ 34 ቀን ቀንሰዋል። የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ የጥድ ዘመድ የሆነ፣ መሬት ላይ ተኝቶ የሚያድግ ቁጥቋጦ ወስደው የግንዱን ቀለበቶች መረመሩ። ተክሉ በረዶ ሲሸፍነው ማደግ ያቆማል፤ ስለዚህ የቀለበቱ ስፋት በዚያ ዓመት በረዶው ምን ያህል እንደቆየ ይመሰክራል። በዚህ ዘዴ ወደ 600 ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰው ሲያዩ፣ የአሁኑ የበረዶ ወቅት ከረጅሙ ዘመን አማካይ በ36 ቀን ገደማ አጥሮ አገኙት። በ600 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አልነበረም። እንዲህ ያለ ትሑት ተክል የዘመን መዝገብ ያዥ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን ወደዚያ ነጭ መስመር ልመለስ፤ የነገሩ ቁልፍ እሱ ነውና።

በጠበቅንባቸው ቀናት ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም፤ የነፋስ ማሽን የመሰለ ድምፅ ከተራራው ይመጣል። አንድ ሌሊት ወጥቼ አየሁት። ትልቅ በርሜል የመሰለ ማሽን በሦስት እግሩ ቆሞ ከአፉ ነጭ ጉም ይተፋል። እዚያ የበረዶ መድፍ ይሉታል። ውኃ ከኩሬ በከፍተኛ ግፊት ይመጣና በአፉ ዙሪያ ባሉ ቀዳዳዎች ደቅቆ ይወጣል፤ የታመቀ አየርም አብሮት ይለቀቅና ጥቃቅን የበረዶ ዘሮችን ይፈጥራል። የቀሩት ጠብታዎች በእነዚያ ላይ እየተጣበቁ መሬት ሳይደርሱ ይረጋሉ። ሠራተኛው ኮምፒውተር አለው፤ ግን ከኮምፒውተሩ ይልቅ እጅጌውን ያምናል። ክንዱን ዘርግቶ ጉሙ ሥር ቆመ፤ የወደቀው ፍንጣሪ ነጥሮ ከረገፈ በረዶው ደርቋል፣ ጨርቁ ላይ ከተድቦለቦለ ውኃ በዝቶበታል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጎ ወደ ማሽኑ ተመለሰና ውኃውን ቀነሰ። እናቴ ምጣዱ መጋሉን ለማወቅ ውኃ ጠብ የምታደርግበትን መንገድ አስታወሰኝ።

ይህ ማሽን የሚሠራው ሲበርድ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ወሳኙ ቴርሞሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ሳይሆን የአየሩ ድርቀትም ጭምር ነው። እንስራ ውስጥ ያለ ውኃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ እናውቃለን፤ ከገላው የሚተነው እርጥበት ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ጠብታውም እንደዚያው ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ ዜሮ ዲግሪ አካባቢም በረዶ ይሠራል፤ እርጥብ ከሆነ ግን ከዜሮ በታች ሁለት ሦስት ዲግሪ ካልወረደ የሚወጣው ውኃ ብቻ ነው። ክፋቱም እዚህ ጋ ነው። በረዶ መድፉ በጣም የሚፈለገው ሞቃት በሆነ ዓመት ነው፤ በሞቃት ዓመት ደግሞ የሚሠራባቸው የብርድ ሰዓቶች ያጥራሉ። የዚያን ሰሞን ማሽኖቹ የሚጮኹት በሌሊት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር፤ ጎሕ ሲቀድ ዝም ይላሉ።

ከአንድ ሜትር ኩብ ውኃ ሁለት ወይም ሁለት ተኩል ሜትር ኩብ በረዶ ይወጣል። አንድ ሄክታር መንሸራተቻን 30 ሴንቲ ሜትር ለማልበስ ከ1,200 እስከ 1,500 ሜትር ኩብ ውኃ ይሄዳል ማለት ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ ለማልበስ። በጣሊያን ካሉት መንሸራተቻዎች 90 በመቶው፣ በኦስትሪያ 70 በመቶ ገደማው፣ በስዊዘርላንድ ከግማሽ በላዩ፣ በፈረንሳይ 40 በመቶ የሚጠጋው በዚህ መንገድ በረዶ ይሠራላቸዋል። «በረዶ የለም» ተብሎ ሪዞርቱ ክፍት ሆኖ ሲገኝ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የማሽኑ በረዶ ከሰማዩ ይለያል። አዲስ የጣለ የሰማይ በረዶ በአንድ ሜትር ኩብ መቶ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ እንደ ባዘቶ ነው። የማሽኑ ግን ከ400 እስከ 500 ኪሎ ይመዝናል። ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ቶሎ አይቀልጥም፤ ተወዳዳሪዎችም ጠንካራ መሬት ስለሚሹ ይወዱታል። የወደቀበት ሰው ግን ልዩነቱን በአጥንቱ ያውቀዋል። ስኖውቦርድ የሚባለው፣ ሁለት እግር በአንድ ሰፊ ሰሌዳ ላይ ታስሮ በጎን የሚወረድበት ስፖርት፣ ጀማሪውን ደጋግሞ በመቀመጫውና በእጁ አንጓ ላይ ይጥለዋል። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የልጆች መጫወቻ ሆኖ የጀመረ፣ መጀመሪያ ላይ ብዙ ሪዞርቶች የከለከሉት፣ በ1998 ናጋኖ ላይ ኦሎምፒክ የገባ ስፖርት ነው። ለስላሳ፣ ጥልቅ በረዶ ሲያገኝ ነው የሚያምረው። ያ በረዶ ከማሽን አይወጣም።

ጊዜ የሚገዛው እንግዲህ በዚህ ማሽን ነው። ስንት ጊዜ? በ2023 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በ28 የአውሮፓ አገሮች ያሉ 2,234 ሪዞርቶችን መርምሯል። ዓለም ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከነበረችበት በ2 ዲግሪ ብትሞቅና ማሽን ባይኖር፣ 53 በመቶዎቹ እጅግ ከፍተኛ የበረዶ እጥረት አደጋ ውስጥ ይገባሉ። መንሸራተቻዎቹን በግማሽ የሚሸፍን ማሽን ቢኖር ቁጥሩ ወደ 27 በመቶ ይወርዳል። በ4 ዲግሪ ብትሞቅ ግን ከነማሽኑ 71 በመቶ ይደርሳል። ማሽኑ ይሠራል ማለት ነው፤ መዳኛ ነው ማለት ግን አይደለም። የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምረው የፈረንሳይ ከፍተኛ የሒሳብ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2024 ባወጣው ሪፖርት በመንግሥት ቋንቋ ተመሳሳይ ነገር ብሏል፦ በረዶ ማምረት የሚሰጠው መከላከያ ውሱንና ጊዜያዊ ነው፤ ከ2050 በኋላ በዚህ ሥራ ሊቀጥሉ የሚችሉት ሪዞርቶች ጥቂት ናቸው። የሕዝብ ገንዘብ ደግሞ በብዛት እየፈሰሰ ያለው ወደዚሁ ነው።

የፈረንሳይን ነገር ለመረዳት ታሪኩን ማወቅ ያስፈልጋል። የብርድ ወራት ቱሪዝም በአልፕስ የተጀመረው በ1864 ነው ይባላል፤ በስዊዘርላንድ የሳንክት ሞሪትዝ የሆቴል ባለቤት ዮሐንስ ባድሩት እንግሊዛውያን እንግዶቹን በብርዱ ተመልሰው እንዲመጡ ጋብዟቸው፣ ካልወደዱት ወጪያቸውን ሊሸፍን ቃል ገባላቸው። ፈረንሳይ ግን በ1960ዎቹና 70ዎቹ መንግሥት ራሱ «የበረዶ ዕቅድ» አውጥቶ፣ ላምና አይብ ብቻ በነበሩባቸው ከፍታዎች ላይ ከተማ ተከለ። ላ ፕላኝ፣ ሌዛርክ፣ አቮርያ የመሳሰሉት የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። የተራራው ገበሬ ልጁ ወደ ፋብሪካ ከተማ እንዳይሰደድበት ሥራ ተገኘለት፤ ይህን ውለታ የሚያቃልል ሰው እዚያ አልኖረም። ችግሩ ሁሉም ነገር፣ ትምህርት ቤቱም፣ የሐኪሙ ክፍልም፣ የወጣቱ ደሞዝም፣ በአንድ ሰብል ላይ መንጠልጠሉ ነው። ሰብሉ ደግሞ በረዶ ነው።

ውኃው የት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ጎረቤትን ከጎረቤት እያጣላ ነው። ላ ክሉዛ የምትባል የፈረንሳይ መንደር 148 ሺህ ሜትር ኩብ የሚይዝ ሰው ሠራሽ ኩሬ ደን ውስጥ ልትቆፍር አስባ ነበር፤ በዋናነት ለበረዶ ማምረቻ፣ በከፊል ለመጠጥ። ወጣቶች ዛፍ ላይ ማማ ሠርተው ሰፈሩ፤ በኦክቶበር 2022 የግሬኖብል ፍርድ ቤት ፈቃዱን አገደው። ጣሊያን ውስጥ ሊቪኞ ላይ፣ የ2026ቱ የሚላኖ-ኮርቲና ኦሎምፒክ የስኖውቦርድ ውድድሮች በተመደቡባት ሸለቆ፣ ለዚሁ ሥራ ትልቅ ኩሬ ተቆፍሯል። ሁለቱንም ወገን ሰምቻለሁ። የኩሬው ደጋፊዎች ውኃው አይጠፋም፣ ቀልጦ ወደ ወንዙ ይመለሳል ይላሉ፤ አብዛኛው እውነት ነው። የማይናገሩት ውኃው የሚወሰደው ምንጮች በሚሳሱበት በብርዱ ወራት መሆኑን፣ የከብት ጠባቂውና የመንደሩ ቧንቧም በዚያው ምንጭ ላይ መሆናቸውን ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ አንድ ሪዞርት ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከበረዶ መድፉ አይወጣም። የሚወጣው እንግዶቹ ከሚመጡበት መኪናና አውሮፕላን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከሸለቆው ሥር እስከ መንደሩ የሚሰለፈውን መኪና ያየ ያምነዋል። ስለዚህ ማሽኑን ብቻ መርገም ነገሩን ማሳነስ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ያላት መንደርና የሌላት መንደር መካከል ያለው ልዩነት ከማሽኑ ይበልጣል።

ሁለተኛው የጊዜ መግዣ ወደ ላይ መውጣት ነው፤ ወደ በረዶ ግግሮቹ። ግግሮቹ ግን ራሳቸው እየሞቱ ነው። የስዊዘርላንድ ግግሮች በ2022 እና 2023 ብቻ፣ በሁለት ዓመት፣ ከነበራቸው መጠን 10 በመቶውን አጥተዋል። ዜርማት ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ ይንሸራተቱበታል በሚባለው ቦታ፣ በ2022 የበጋው ሸርተቴ ተቋረጠ። በዚያው ተራራ ከስዊዘርላንድ ተነሥቶ ጣሊያን የሚጨርስ የዓለም ዋንጫ ቁልቁለት ታስቦ በ2022ም በ2023ም አንድ ውድድር እንኳ ሳይካሄድበት ተሰረዘ፤ በመጀመሪያው ዓመት የበረዶ እጥረት፣ በሁለተኛው ነፋስና የበረዶ ውሽንፍር። ለዚሁ ውድድር ግግሩ ላይ ወጥተው የሚቆፍሩ ኤክስካቫተሮች ፎቶ ሲወጣ ሕዝቡ ተቆጣ፤ የክልሉ ባለሥልጣንም ከተፈቀደው ክልል ውጪ ያለውን ሥራ አገደ። ኦስትሪያ ውስጥ ፒትስታልና ኧትስታል የተባሉ የሁለት ሸለቆ ሪዞርቶችን በግግር ላይ ለማገናኘት የታቀደው ግዙፍ ፕሮጀክት ደግሞ በ2022 በአንዲት ትንሽ ቀበሌ ሕዝብ ድምፅ፣ በጥቂት ሰው ብልጫ፣ ወደቀ። ሥራ የሚያስገኝላቸውን ነገር እነሱ ራሳቸው እምቢ አሉ። ይህን ድምፅ ስሰማ ልቤ ተነክቷል።

ገንዘቡ ወደ ከፍታ እየወጣ መሆኑ ግልጽ ነው። የግብፁ ባለሀብት ሳሚህ ሳዊሪስ በስዊዘርላንድ አንደርማትን ከወታደር ሰፈርነት ወደ ቅንጡ ሪዞርትነት ለውጧታል፤ የአሜሪካው የበረዶ ሸርተቴ ሪዞርት ኩባንያ ቬይል በ2022 የዚያኑ ሪዞርት አብላጫ ድርሻ፣ በ2024 ደግሞ ክራንሞንታናን ገዝቷል። ዝቅ ያለው መንደር እንዲህ ያለ ገዥ አይመጣለትም። በብርዱ ወራት የአንድ ቀን ትኬት በታወቁት ቦታዎች ከ80 ዩሮ አልፏል። ማሽኑም፣ ኩሬውም፣ ተንሸራታቹን ወደ ተራራው የሚያወጣው አዲሱ ሊፍትም የሚከፈሉት ከዚያ ነው። እየተወደደ ሲሄድ የሚንሸራተተው ሰው ዓይነት ይለወጣል፤ ፈረንሳይ ውስጥ እንኳ በየዓመቱ የሚንሸራተተው ከአሥር ሰው አንዱ አይሞላም።

እዚህ ላይ የእኛ ሰዎች ይገባሉ። ስዊዘርላንድ ያለ የሐበሻ ወላጅ ልጁ ከትምህርት ቤት የበረዶ ሸርተቴ ሳምንት ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ የሚሰማውን አውቃለሁ፤ ጫማው፣ ስኪው፣ ሱሪው፣ የራስ ቁሩ። የስዊዘርላንድ ፌደራል ፍርድ ቤት በ2017 ትምህርት ቤቶች ለግዴታ ካምፕ ከወላጅ ሊቀበሉ የሚችሉት የምግብ ወጪ ያህል፣ በቀን ከ10 እስከ 16 ፍራንክ ብቻ መሆኑን ወሰነ። ብዙ ወላጅ ይህን መብቱን ስለማያውቅ ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል፤ ልጁም ያን ሳምንት ከሌላ ክፍል ጋር ይቀመጣል። ልጆቻችን እንዲወጡ እፈልጋለሁ። ሮቤል ተክለማርያም፣ አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ ስኪ የተማረው ሰው፣ በ2006 የቶሪኖ ኦሎምፒክ ብቻውን የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ገባ፤ በብርድ ወራት ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። የሮጠው እዚሁ አልፕስ ውስጥ፣ ፕራጀላቶ ላይ ነበር፤ በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ። ከኋላው የቀሩ ሰዎች ነበሩ! በ2010 ቫንኩቨርም ተመልሶ ሮጠ።

ከትኬት ገዢው ይልቅ ግን በብዛት ያለነው ከማብሰያ ቤቱ፣ ከልብስ ማጠቢያው፣ ከክፍል ጽዳቱ ነው። በረዶ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚያጥረው የወቅት ሠራተኛው ውል ነው። ሆቴሉ መድን አለው፤ የሊፍት ኩባንያው ከመንደሩ ምክር ቤት ድጎማ ይጠይቃል፤ ልብስ የሚያጥበው ሰው ግን ተራራው ላይ ተከራይቶ ይጠብቃል። እኔ የጠበቅሁት 16 ቀን ነው፤ የአልጋ ኪራዩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ ከመጀመሪያው ደሞዜ ተቆረጠ። መንግሥታት ለበረዶ ማሽን የሚመድቡትን ድጎማ በሚያወጡበት ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ፣ በረዶ ባልጣለባቸው ቀናት የሠራተኛው ደሞዝ እንዳይቋረጥ የሚያዝ አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ ከባድ አይደለም። የማሽኑ ዕድሜ ታስቦ ገንዘብ የሚመደብ ከሆነ የሰውዬውም ኑሮ ሊታሰብ ይገባል።

የተገዛውን ጊዜ በደንብ የተጠቀሙ መንደሮችም አሉ። በደቡብ ፈረንሳይ ሴይን የምትባል ቀበሌ በኦክቶበር 2024 ነዋሪዎቿን ጠየቀች፤ ለግራን ፒዊ ሪዞርት ገንዘብ ማፍሰሳችንን እንቀጥል ወይስ እንዝጋ? ከድምፅ ሰጪዎቹ 71 በመቶው ይዘጋ አሉ። ላ ሳምቡይ የተባለችው ትንሽ ሪዞርት ጫፏ 1,850 ሜትር ነው፤ የባሕር ዳር ከተማ ከፍታ ማለት ነው። በ2022/23 ክፍት የነበረችው ለአራት ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ ምክር ቤቱም በ2023 ሊፍቶቹ እንዲነሡ ወሰነ። ሁለቱም ውሳኔ በአንድ ጊዜ፣ እንደ ቢላዋ የመጣ ነው፤ ለቅሶው ይገባኛል።

እኔ የማደንቀው ግን ሜታቢየፍን ነው። ከአልፕስ አጠገብ ባለው የጁራ ተራራ፣ ጫፉ 1,463 ሜትር በሆነ ቦታ ያለ ሪዞርት ነው። ኃላፊዎቹ ገና በረዶ እያለ የራሳቸውን ተራራ ሒሳብ ሠርተው፣ የቁልቁለት ሸርተቴ ከ2030 እስከ 2035 ባለው ጊዜ እንደሚያበቃ ለሕዝቡ በግልጽ ተናገሩ። ከዚያ አዲስ ሊፍት መግዛት አቆሙ። ያለውን ገንዘብ የድሮዎቹን ሊፍቶች በመጠገን ላይ አዋሉት፤ መካኒኮቹ እስከዚያ ድረስ ሥራ አላቸው፣ መንደሩ አዲስ ዕዳ የለበትም፣ ወጣቱም ሌላ ሙያ የሚማርበት አሥር ዓመት አገኘ። ሰው በሽታውን አውቆ ልጆቹን ሰብስቦ ንብረቱን እንደሚያከፋፍል አባት ነው ያደረጉት።

ያን ዓመት በረዶው በመጨረሻ በጃንዋሪ ጣለና ገባን፤ እስከ ኤፕሪል አንሶላ አጠብኩ። በሜይ ወር ወረቀት ልፈርም ተመልሼ ስወጣ ተራራው በሙሉ አረንጓዴ ሆኗል። ያ የማሽን በረዶ ግን አሁንም አለ፤ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከሁሉም በኋላ ነው የሚቀልጠው። ነጠላው ቆሽሾ፣ ጠርዙ ተበጣጥሶ፣ ተዳፋቱ ላይ ተኝቷል። አንድ ሽማግሌ ላሞቹን ይዞ ከሥሩ ቆሞ ነበር። ሣሩ ከዚያ ሥር እስኪወጣ ሁለት ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ ነገረኝና በዱላው ጠርዙን እየነካካ ጥልቀቱን ለካ።